ሠላሳ አንድ ማዘዣ

በፍኖተ ሰላም ስለ አንድ የግል ክሊኒክ የቀረበውን አቤቱታ ለማየት ሦስት ሰዎች ተሰየሙ። ሰብሳቢው አቶ ትዕዛዙ ጉዳዩ ከምሳ በፊት ያልቃል ብሎ ነበር። ከሳሿ በቡሬ ሀሁ ሲያስቆጥሩ ኖረው ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ተከሳሹ ከተማው የሚኮራበት ወጣት ሐኪም፤ ምን የሚያከራክር ነገር አለ?

ወይዘሮ አልጣሽ ሲገቡ ዶክተር ስመኘው ከወንበሩ ተነሣ። እሳቸው እስኪቀመጡም አልተቀመጠም። «ጨዋ ነው» አለ ትዕዛዙ በሆዱ።

ሴትዮዋ ከፌስታላቸው ሠላሳ አንድ የመድኃኒት ማዘዣ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት።

«ይኼ ሁሉ የአገሬ ሰው ነው። ጉንፋን የያዘውም፣ ወገቡን ያመመውም አምስት አምስት መድኃኒት ታዞለታል። የሚገኘውም ከክሊኒኩ ጎን ካለው መድኃኒት ቤት ብቻ። ደረሰ የሚባለው ጎረቤቴ ለጨጓራው ሦስት ሺህ ብር ከፈለ፤ ለዘር ያስቀመጠውን በቆሎ ሸጦ። ያንኑ የሚያደርግ መድኃኒት ሌላ ቦታ በመቶ ሃምሳ ብር ይገኛል።»

የኮሚቴው ፋርማሲስት እህተ ማርያም አንዱን ወረቀት አንሥታ ወደ መስኮቱ አዞረችው። «ኧረ ይኼን ጽሕፈት ማን ያነበዋል? እኔ አንድ ቃል አልለየሁም።»

«እስቲ አምጪው» አሉ አልጣሽ። መነጽራቸውን እንኳ ሳያወጡ ከላይ እስከ ታች አወረዱላት፤ ስሙን፣ መጠኑን፣ በቀን ስንቴ እንደሚወሰድ። ሁለተኛውንም እንዲሁ።

ትዕዛዙ ነቃ። ፋርማሲስት ያቃታትን ጽሕፈት ሀሁ ሲያስቆጥሩ የኖሩ ሴት በምን አወቁት? ያስጠናቸው ሰው አለ። አምና ዋናው መንገድ ላይ ክሊኒክ ከፍቶ ታካሚ ያጣው ያረጋል ትዝ አለው።

«እትየ አልጣሽ፣ እርስዎን ስንት አስከፈለዎት?»

«እኔን? ሰባራ ሳንቲም ተቀብሎኝ አያውቅም።»

«እንግዲያ ምን አገባዎት? ማን ላከዎት?»

«እግሬ።»

እህተ ማርያም ሳቋ አመለጣት። ትዕዛዙ ግን ወደ ሐኪሙ ዞረ። «ዶክተር፣ ይናገሩ እንጂ! ስምዎ እየጠፋ እኮ ነው።»

ስመኘው የጫማውን ጫፍ እያየ «የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ከመድኃኒት ቤቱ ድርሻ ይደርስሃል፤ አይደለም እንዴ?» አሉ አልጣሽ።

ስመኘው አንገቱን ይበልጥ ደፋ።

ትዕዛዙ ድምፁን አለሰለሰ። «እትየ፣ ያለን ሐኪም ስንት ነው? መክረን እንለፈው። አቤቱታውን ያንሡት። ፈቃዱ ከታገደ እኮ እንጀራው ነው የሚዘጋው።»

«አላነሣም!» ብድግ አሉ። «የደረሰስ እንጀራ? ዘንድሮ ምን ሊዘራ ነው? መዝግቡ! እናንተ እምቢ ካላችሁ ባሕር ዳር እሄዳለሁ፤ እነሱም እምቢ ካሉ አዲስ አበባ አይርቀኝም!»

ትዕዛዙ ተናዶ ቅጹን ሳበ። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሲደርስ አሁን ያዝኋቸው አለ፤ የያረጋልን ስም ካፋቸው ሳያወጣ ላይለቃቸው። ቃሉን ጠበቅ አድርጎ አነበበው።

«በዚህ ጉዳይ እጁ ካለበት ከማንኛውም ሰው ጋር ዝምድና አለዎት?»

«አለኝ» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ። «ስመኘው የበኩር ልጄ ነው፤ ጻፈው።»