የተረሳችው መስመር

ባልና ሚስቱ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት የመጡት፣ ፍርድ ቤቱ ለፍቺው የጋብቻ ምስክር ወረቀት አምጡ ስላላቸው ነው። መዝጋቢዋ ወይዘሮ አልጋነሽ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለቴ ፈልገው፣ «እናንተ የላችሁም» አሉ።

ምክንያቱ ለባልየው ወዲያው ገባው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጽሕፈት ቤቱን የፓይተን ፕሮግራም መዝገቡ ከሚቀመጥበት ዳታቤዝ ጋር ያገናኘው እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎችም እነሱ ነበሩ፤ ማተሚያው ቀለም ጨርሶ ወረቀታቸውን ሳይወስዱ ሄዱ። በማግስቱ መረጃውን የምታስቀምጠውን አንዲት የኮድ መስመር መርሳቱን አየና ጨመራት። የራሱን ጋብቻ ግን መልሶ አላስገባም።

«የስንቱን ሰው ጋብቻ ስታስመዘግብ የእኛን ረሳህ?» አለች ሚስቱ ይህን ሲነግራት።

«ሳትጋቡ አትፋቱም» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ።

አራት ምስክሮች ከወረፋው ተለምነው መጡ።

ወይዘሮ አልጋነሽ ሚስትየዋን «ፈቅደሽ ነው የምታገቢው?» ሲሏት፣ «ለፍቺው ከሆነ፣ አዎ» አለች።

ፈረሙ። ወረቀቱ ታትሞ ወጣ። ሚስትየው እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ የዛሬው ቀን ተጽፎበታል። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ፍርድ ቤቱ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው፤ ትደርሳላችሁ» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ።

«ዛሬስ ይቅር» አለች። «ሰርጋችን ነው።»