የቀትር ቁጥር

ሙቀት ለኪው ጥቁሯን ኳስ በባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስሮ አውቶቡስ መጠበቂያው አደባባይ ላይ ካቆማት ሁለት ሳምንት ሆነው። ኳሷ የፀሐዩን ግለት ትመዘግባለች፤ እሱ ደግሞ ተሳፋሪውን «ሞቀዎት? በረደዎት? ወይስ ተስማማዎት?» እያለ ይጽፋል። ሙቀቱ በቁጥር ከተረጋገጠ ማዘጋጃ ቤቱ ጥላ ያሠራል።

በቀትር ሰው ሁሉ «ተቃጠልን» ይላል። ኳሷ ግን በቀትር ትቀዘቅዛለች።

«አገር ሲነድ ያንተን ኳስ ብቻ ብርድ ይመታታል?» አለ አለቃው። «እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ሌላ ሰው እልካለሁ።»

በቀትር ለኪው ቦታው ላይ የለም። እናቱ ምሳውን ቋጥራ ታመጣለታለች፤ እሱ ካፌው ጓሮ ገብቶ እስኪበላ ዕቃውን ትጠብቃለች። ገና በመጀመሪያው ቀን «እማዬ፣ አደራ፣ ይህች ነገር ከተበላሸች እንጀራዬ አበቃ» ብሏታል። የእናቱ ዓይን ደግሞ ደክሟል።

ከኳሷ አምስት እርምጃ ርቃ ውሃ ሻጯ ትልቅ ጃንጥላ ተክላ ትውላለች። አንድ ቀን «ጥላ ካሠራችሁማ የኔን ቀዝቃዛ ውሃ ማን ሊገዛ ነው?» ብላ ስቃ ነበር። ለኪው ቀልዱን አልረሳውም።

ሐሙስ ውሃ ሻጯን ለደንብ አስከባሪዎች ጠቆመ። ጃንጥላዋን ነቀሉት።

«ያን ዕለት ራስህን ሲያዞርህ ውሃ ያፈሰስኩልህ እኔ አልነበርኩም፣ ወንድሜ?» አለችው ዕቃዋን እየሰበሰበች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

ማታ እራቱን ሳይነካ ተቀመጠ።

«ምነው?» አለች እናቱ።

«ያችን ውሃ ሻጭ ሥራዬን ታበላሽብኛለች ብዬ አስነሣኋት።»

«ስታበላሽ አየሃት?»

«አላየሁም።»

«ሳታይ መሰከርክ? እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩህ?»

ትሪውን ገፋ አደረገ። ቀና ሲል ግንባሯ ተልጦ አየ። «እማዬ፣ ጃንጥላ ይዘሽ እየሄድሽ እንዴት እንዲህ ከሰልሽ?»

«የአሮጊት ፊት ነው፣ ተወው። ይልቅ ፈልገህ ይቅርታ ጠይቃት።»

ይቅርታ ከመጠየቁ በፊት በዓይኑ ማየት ፈለገ። ዓርብ በቀትር ምሳውን ሳይፈታ ከካፌው አጥር ጀርባ ቆመ። የውሃ ሻጯ ቦታ ባዶ ነው፤ ጃንጥላው ተተክሎበት የነበረው ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል።

እናቱ ጃንጥላዋን ዘርግታ ጥቁሯን ኳስ አስጠለለቻትና፣ ራሷ ፀሐይ ላይ ቆመች።