አምስተኛው ሰው

ቅዳሜ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ማንም ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም። የቤቱ ሕግ ነው። እናትየው ሳህኖቹ ሳይነሱ ደብተሯን አውጥታ ቤተሰቡን እንዳለ በእርሳስ ትነድፋለች፤ በሳምንቱ ቀለም ቀብታ ግድግዳው ላይ ትሰቅለዋለች። ሠላሳ ዓመት ሥዕል አስተምራ ጡረታ ብትወጣም መምህርነቱ አልለቀቃትም።

«ያላየሁትን አልስልም» ትላለች። ሹፌር የሆነው ጎልማሳ ልጇ እያዛጋ ካየችው አፉን እንደበለቀጠ ትስለዋለች፤ ቢለምናትም አትምረውም።

አዲሱ ሥዕል ላይ እንግዳውን ሰውዬ መጀመሪያ ያየችው ሴት ልጇ፣ ፋርማሲስቷ ነች። ሥዕሉ ላይ አራቱም አሉ፦ እናትየው፣ እሷ፣ ወንድሟና የእሷ ትንሽ ልጅ። በሩ አጠገብ ደግሞ አንድ አጭር፣ ራሰ በራ ሰውዬ ቆሟል።

«እማዬ፣ ይሄ ማነው?»

«ቀስ እያላችሁ ትለምዱታላችሁ» አለች እናትየው፣ ብሩሿን እያጠበች። «ይልቅ ጥላው እንዴት ነው? አልከበደበትም?»

ፋርማሲስቷ ሥዕሉን ቀረብ ብላ አየችው። አባቷ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ያውም ረጅም፣ ጸጉሩ ማበጠሪያ የሚሰብር ሰው ነበር። ምስኪን እናቴ፣ አባቴን ስትስል መልኩ እንኳ ጠፍቶባታል ብላ አሰበች።

በሚቀጥለው ሳምንት ሥዕል ሰውዬው ወንበር ስቦ ተቀምጧል። በሦስተኛው ሾርባ ያድላል። በአራተኛው ብርቱካን ልጦ ለእናትየው ያቀብላታል፤ እሷም እንደ ኮረዳ ትሽኮረመማለች። ፋርማሲስቷ ክው አለች። በዚያው ወንድሟን ጓሮ ጠራችው።

«የሌለ ሰው እያየች ነው!»

«ታዲያ ምን አለበት? ከምሳችን አልቀነሰብንም» አለ ሹፌሩ።

«አትቀልድ! ዕቃ ማድረቂያው ላይ ሁልጊዜ ሁለት ኩባያ ነው የማገኘው። ያንን የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ማን ሠራው ስላት ምን እንዳደረገች ታውቃለህ? በጣቷ ሥዕሉ ላይ ያለውን ሰውዬ አሳየችኝ!»

ሹፌሩ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ቧንቧውን እሠራለሁ ሲል ዓመት ያስቆጠረው እሱ ነበር።

ያን ዕለት ወሰኑ፤ እናታቸው ከእንግዲህ ብቻዋን አትኖርም። ፋርማሲስቷ ወደ ራሷ ቤት ትወስዳታለች፣ ይህኛው ይዘጋል። ቀላል ነገር አልነበረም። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የማይለየው ያ መስኮት፣ ልጆቿ ከእንፉቅቃቸው እስከ ምረቃቸው የተደረደሩበት ያ ግድግዳ ለእናትየው ነፍሷ ነው። ፋርማሲስቷ ይህንን ታውቃለች። ግን ምድጃ ለኩሳ ብትረሳስ? ሐሳቡ ብቻውን እንቅልፍ ነሳት።

ረቡዕ ጠዋት ሳይናገሩ መጡ። ሹፌሩ ባዶ ሻንጣ ይዟል። ፋርማሲስቷ መንገዱን ሙሉ ስታጠናው የመጣችውን ንግግር አሁንም ለራሷ ታንሾካሹካለች።

«አንቺ ጀምሪ» አለ ወንድሟ።

«ለምን እኔ?»

«መድኃኒት መስጠት ያንቺ ሥራ ነው።»

ሹፌሩ እንደምንም ደፍሮ በሩን አንኳኳ። ከውስጥ የጭልፋና የድስት ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ የነጠላ ጫማ ኮቴ። በሩ ተከፈተ።

አጭሩ፣ ራሰ በራው ሰውዬ የእናታቸውን ሽርጥ አገልድሞ፣ ጭልፋ ይዞ ቆሟል።

«ውይ!» አለ፣ ከእነሱ ብሶ ደንግጦ፤ «የሠርጋችንን ሥዕል ስጨርስ ነው የምነግራቸው ብላኝ ነበር እኮ!»