ከአቧራው በታች ያለው ነጭ

አለቃዬ ጣቱን ስክሪኔ ላይ አሳርፎ «ይሄ ነጩ ምንድን ነው?» ይለኛል።

ይሄም ጥያቄ ሆኖ ይጠየቃል? እዚህ ክፍል ከተዛወርኩ ወር ባይሞላኝም ይህን አላጣውም። ሳተላይቷ ሌዘሯን ወደ ታች ትለቃለች፤ ብርሃኑ አቧራ ሲነካ ተመልሶ ይመጣል፤ እኔ የመጣውን በቀለም ለይቼ የዛሬውን ከትናንቱ አስተያያለሁ። ቀዩ አቧራ ነው። እናቴ ያለችበት ከተማ ላይ አቧራው ሰሞኑን ከፍ ብሎ ተንሳፍፏል፤ ከሥሩ እስከ መሬት ድረስ ግን ነጭ ነው።

«ንጹህ አየር» እለዋለሁ።

ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚነግረኝ። «አይደለም። አቧራው ወፍራም ስለሆነ ብርሃኑን እዚያው ውጦ አስቀርቶታል። መሬት አልደረሰም። ከሥር ያለውን አላየነውም።»

እናቴ ሳንባዋ አቧራ አይችልም፤ ዓይኗም በሞራ ከተጋረደ ቆይቷል። በየማለዳው እየደወለች መስኮቱን ልክፈት ወይስ ልዝጋ ትለኛለች። ሐኪሙን አትሰማም፣ እኔን ትሰማለች። ልጄ ነፋሱን ከሰማይ ሆና ታየዋለች እያለች ለጎረቤት ሁሉ ጉራዋን ትነዛለች። ሰሞኑን ክፈቺው ብያታለሁ። አልጋሽንም አስጠጊው ብያታለሁ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

እደውላለሁ። ብዙ ከጠራ በኋላ ታነሳዋለች፤ ትንፋሿ ከድምጿ ይቀድማል።

«እማዬ፣ መስኮቱን ዝጊው። አሁኑኑ።»

«ለምን? ንጹህ ነው ብለሽኝ የለ?»

«ተሳስቼ ነው።»

ትስቃለች፤ ሳቋ ወደ ሳል ይዞራል። ላጽናናት የምዋሽ መስሏታል።

«ተይ ልጄ፣ አታባብዪኝ። አየሩ ደህና ሆኖ እኔ መተንፈስ ካቃተኝ፣ እንግዲህ ያለቀው የእኔ ነገር ነው። ገብቶኛል። መድኃኒቱንም ትቼዋለሁ፤ ምን ሊያደርግልኝ?»

አቧራው ነው እላታለሁ፤ አንቺ አይደለሽም፣ አቧራው ነው። እየጮህኩ መሆኔን የማውቀው የቢሮው ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው። ቢያንስ ተነሥተሽ ዝጊው ብዬ እለምናታለሁ። እግሬ ከትናንት ጀምሮ አልታዘዝ ብሎኛል ትለኛለች፣ ስለ ሌላ ሰው እግር እንደምታወራ ሁሉ።

«ደግሞ ነፋሱ ደስ ይላል» ትላለች።

ስልኩን አልዘጋችውም። ከትንፋሿ ጀርባ መጋረጃው ሲርገበገብ ይሰማኛል።