ኩርባው ላይ የተናደው ድንጋይ

የከባድ መኪና ሾፌሩ ውብሸት ሆስፒታል አልጋው ላይ በጀርባው እንደተኛ፣ ጅዳ ሄዶ ከተነሳ በኋላ የተላከለትን የኤምአርአይ ፊልም በሁለት እጁ ወደ መስኮቱ አነሳው። የአሰብ ባሕር ነጸብራቅ የገዛ አከርካሪውን አሳየው። ሐኪሙ ፊልሙ ላይ አንገቱ ጋ ያበጠችውን ነጭ ነገር በብዕሩ ጫፍ ነካት።

«ዕጢዋ ይቺ ናት። የአዲስ አበባዎቹ ሐኪሞች ከዚህ ጀምረው ይከፍታሉ።»

«ኩርባው ላይ ድንጋይ ተንዷል በለኛ! ሲነሳ መንገዱ ይከፈታል?»

ሐኪሙ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። «እጅህን ያተርፍልሃል፣ ጋሽ ውብሸት። ለእግርህ ግን ዘግይቷል።»

ውብሸት ፊልሙን ከፊቱ አላወረደም። ከፊልሙ ጀርባ ሚስቱን ጠራት። «ሠርካዲስ፣ ፈራሁ መሰለኝ። እስቲ እግሬን ያዢልኝ።»

አልጋው ግርጌ የተቀመጠችው ሠርካዲስ፣ ሐኪሙ ከመግባቱ በፊት ጀምሮ ጭኗ ላይ አቅፋ የያዘችውን የእሱን እግር አጥብቃ ጨመቀችና፣ «እሺ፣ ያዝኩልህ» አለችው።