የጥጥ ምርመራ

ዳቦ ጋጋሪውን ባልደረቦቹ «ብረቱ» ይሉታል። እነሱ የጋለውን ትሪ በወፍራም ጨርቅ ይዘው እየተነጫነጩ ሲያወጡ፣ እሱ በባዶ እጁ ላፍ ያደርገውና ይስቅባቸዋል። ከምድጃ ጋር ያረጀ ሰው በዚህ ቢኮራ አይፈረድበትም። ሌላ የሚኮራበት ነገርም የለውም።

ትከሻው ላይ ነጣ ያለች ምልክት ወጣች። ሳሙና ቢቀይር፣ ቅባት ቢቀባ ወይ ፍንክች! የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሸሚዙን ሲያወልቅ አየበትና «የጤና ወረቀት ሳታመጣ ምድጃው አጠገብ እንዳትደርስ» አለው።

የቆዳ ሐኪሙ ምልክቷን አገላብጦ አየ። «የሥጋ ደዌ እንዳይሆን እሰጋለሁ፤ ነገ እንመረምርዎታለን። ዓይንዎን ሸፍነን በጥጥ እንነካዎታለን፤ በተነኩ ቁጥር ‹አለ› ይላሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ቤት ሲገባ ሚስቱን «እዚያ ቦታ ላይ ምንም አይሰማኝም» አላት። «አለቀልኝ።»

«መድኃኒት አለው ይባላል እኮ። እውነቱን ተናገርና ታከም።»

«ከዚያስ? ከእኔ እጅ ማን ዳቦ ይገዛል? አጠገቤ ትቀመጫለሽ። እጄን ትይዣለሽ። ጥጡ ባረፈ ቁጥር ጨመቅ ታደርጊኛለሽ።»

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልወድም።»

«በልጃችን ሞት!» አላት።

አልቅሳ አልቅሳ ማለችለት። እሱ ግን አላመናትም። «ታከም፣ ታከም» እያለች ስትነዘንዘው ነው ያመሸችው።

በማግስቱ ሚስቱ ቀድማ ገባች። እሱ ሲከተላት ሐኪሙን ተጠግታ ስትንሾካሾክ ደረሰ። ሲያዩት ዝም አሉ። ነገሩ አላማረውም።

«እንደነገርኩዎ፣ አጠገቡ ብቀመጥ ምን ይላሉ?» አለች እየሳቀች። «ይህን አካሉን አይዩ፣ ፈሪ ነው።»

ሐኪሙ ፈቀደላት። እጁን ያዘች። ዓይኑ ተሸፈነ።

ጥጡ ጉንጩን ነካው። «አለ» አለ። አንገቱን ነካው። «አለ።»

ከዚያ ጸጥ አለ። ጋጋሪው የሚስቱን ምልክት ጠበቀ። ምንም የለም። ከኮሪደሩ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። ዝም ብሎ «አለ» ሊል አሰበና፣ ሐኪሙ ሳይነካው ቢሆንስ ብሎ ፈራ። እንዳመነታ መሸፈኛው ተነሳለት።

«ምልክቷን ደጋግሜ ነክቻት ነበር» አለ ሐኪሙ፣ ሐዘን ባለው ድምፅ። «የጤና ወረቀቱን አሁን መስጠት አልችልም። መድኃኒቱ በሽታውን ያድነዋል። የሞተውን ስሜት ግን ብዙ ጊዜ አይመልሰውም። ደግነቱ ትከሻ ነው፤ ትከሻ ዳቦ አይጋግርም።»

ቀልድ መሆኑ ነው። ማንም አልሳቀም።

ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ጋጋሪው እጁን ከእጇ መነጨቀ።

«ሸጥሽኝ!»

«ማን? እኔ?»

«ስትንሾካሾኪ አላየሁም? በልጃችን ሞት ምለሽ ዓይኔ እያየ ከዳሽኝ! አንዴ እንኳ ጨመቅ ብታደርጊኝ ምን አለበት?»

ሚስቱ ግራ ገብቷት ፊቱን ታየው ጀመር።

«አንተ... ጥጡ ባረፈ ቁጥር ጨምቄሃለሁ እኮ። ዝም ስትለኝ ጊዜ በጥፍሬ ወጋሁህ።»

የመነጨቀውን እጁን ይዛ ዘረጋችው። መዳፉ ይደማል።