ዛሬ አራት ጊዜ የመረጠችው ሕፃን

«ይቺ ሕፃን እኮ ዛሬ አራት ጊዜ መርጣለች!»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ...

ሞንሮቪያ ነው። ጦርነቱ ከቆመ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ላይቤሪያ ዛሬ ትመርጣለች።

የትምህርት ቤቱ ግቢ የሞላው ገና ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አሁን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኗል... ሰልፉ ግን ንቅንቅ አይልም።

«ሕፃን የያዘች ትቅደም» ተብሎ ከታወጀ ወዲህ ሕፃናት ተወደዱ። አንዷን ልጅ አራት ሴት ተቀባብሏታል!

ኮርቶ አልሳቀችም።

ሃምሳ ዓመቷ ነው። ገበያ ላይ ለወጥ የሚሆን የካሳቫ ቅጠል ትሸጣለች። ጉልበቷ አብጧል።

ያስጨነቃት ግን ጉልበቷ አይደለም... ሰልፉ ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በጦርነቱ መሃል፣ ታጣቂዎች ኬላ ላይ አሰልፈዋቸው ነበር። ጠመንጃው ከቁመቱ የሚረዝም አንድ ልጅ ሰልፉን እያየ ያልፋል... ጣቱን ጧ! ያደርጋል... «አንተ፣ ውጣ!» ይላል።

የወጣ አይመለስም።

ልጇን ሙልባን ያስወጡት ከጎኗ ነው። አስራ ሰባት ዓመቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኮርቶ ሰልፍ አትሰለፍም። የእርዳታ ሩዝ ሲታደል እንኳ ሰው ሁሉ እስኪወስድ ዳር ቆማ ትጠብቃለች። ካለቀም ባዶ እጇን ትመለሳለች።

ዛሬ የመጣችው ለሙልባ ብላ ነው። ቢኖር ኖሮ ይመርጥ ነበር፤ በሱ ፈንታ እኔ ልምረጥ አለች... ይኸው ነው።

«ኧረ እኔስ ሰለቸኝ!» አለች ከፊቷ የቆመችው ጎረቤቷ ጋርማይ። «ብንመርጥ ምን ሊመጣ? ባለፈውስ መርጠን አልነበር?»

«ባለፈውማ ፈርተን ነው የመረጥነው» አሉ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። «ዘንድሮ ደግሞ ደክሞን እንመርጣለን።»

«ያሸነፈው ቤተ መንግሥት ይገባል፣ የተሸነፈው ጫካ ይገባል... እኛ ደግሞ መጠለያ እንገባለን!» አለች ጋርማይ።

ሳቁ። ምን ያድርጉ፣ ለቅሶው ካለቀ ቆይቷል።

ኮርቶ መሬት ላይ ዘጭ አለች።

«በቃኝ... ልሂድ» አለች። «ሙልባዬ ይቅር በለኝ፣ አልቻልኩም።»

ይሄኔ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የደፋ አንድ ወጣት መጣ። ያቺን «መራጭ» ሕፃን ታቅፏል። ለካ የልጅቷ አባት እሱ ኖሯል! ከጠዋት ጀምሮ የደከሙትን ሴቶች እየፈለገ ልጁን የሚያስታቅፋቸው እሱ ነው።

ጣቱን ጧ! አደረገ።

«እማማ... ነይ፣ ውጪ!»

ኮርቶ ክው አለች።

አፏን ከመክፈቷ ሕፃኗ እቅፏ ውስጥ ገባች። «ይዘሻት ቅደሚ። ስትጨርሺ ታመጪልኛለሽ።»

«አንቺ፣ በዚህ ዕድሜሽ ወለድሽ እንዴ!» ጋርማይ አላገጠች።

ውስጥ ያለው አስመራጭ ሕፃኗን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። «ይቺን ሴትዮማ አውቃታለሁ!» አለና ትንሿን ጣቷን ቀለም ነከረው። «በቃ፣ እሷም መርጣለች። ከእንግዲህ ማንንም አታሳልፍም። አንቺ ግን ግቢ።»

ኮርቶ ካርቶን ከተጋረደበት ጠረጴዛ ጀርባ ቆማ ምልክቷን አደረገች። «ይሄ ያንተ ነው ልጄ» አለች።

ስትወጣ ወጣቱን ሰልፉ ጭራ ላይ አገኘችው።

«ኮፍያህን አውልቅ።»

አወለቀ። ጺም አብቅሏል እንጂ ፊቱ ያው ነው።

«አውቀኸኛል?»

«ጠዋት ገና ከበር ስትገቢ አወቅኩሽ... ያን ቀን ሙልባ፣ ሙልባ እያልሽ ስትጮኺ... ስሙ ከጆሮዬ አልወጣም።»

«ልጄን ወስደህ ልጅህን አዋስከኝ?»

ወጣቱ መሬት መሬቱን አየ።

«አስራ አራት ዓመቴ ነበር...» አለ።

«የኔም አስራ ሰባት ነበር።»

ሰልፉ አንድ እርምጃ ተራመደ።

«አንተ መርጠሃል?»

«አልመረጥኩም። እኔ ይቅርብኝ... የኔ ዓይነቱ ከዚህ ሰልፍ ቢወጣ ይሻላል» አለና ልጁን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

ኮርቶ አልሰጠችውም።

«የትም አትሄድም! ይቅር ብለሽኛል እንዳትለኝ... አላልኩም፤ አልችልም። ግን ዛሬ ከዚህ ሰልፍ ማንም አይወጣም። ተራህ እስኪደርስ ቁም!»

የተገለበጠ ባልዲ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ሕፃኗ ጭኗ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሰልፉ አንድ እርምጃ ሲራመድ ባልዲዋን አንድ እርምጃ ትጎትታለች... እንደገና ትቀመጣለች... ሰልፍ የሚያንቀጠቅጣት ሴት! እስከ ምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ድረስ!

ጣቱን ቀለም ተነክሮ ሲወጣ ልጁን መለሰችለት።

ደህና ሁን አላለችውም። እያነከሰች ወደ ቤቷ ሄደች።

ወገኖቼ... ይሄን ታሪክ ስጽፍ እኔም ደክሞኛል። ሁላችንም ደክሞናል። ይቅርታ በሉ እያልኩ ልሰብካችሁ አልደፍርም፤ ኮርቶ ያልቻለችውን እኔ ማን ነኝ? አንድ ነገር ግን ተምሬያለሁ... ሰላም የሚጀምረው የበደለንን ሰው ስንወደው ሳይሆን፣ እኛን ያስወጣንን ሰው እኛ ከሰልፍ አናስወጣም ስንል ነው።

እስቲ ሳትዋሹ ንገሩኝ... እናንተ በኮርቶ ቦታ ብትሆኑ ያቺን ባልዲ ትጎትቱ ነበር ወይስ ሕፃኗን መልሳችሁ ትሄዱ ነበር? እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የምሄድ ይመስለኛል። እናንተስ?